ስድስት ሳምንት ፊደል ስቀይር

አክስቴ “መስመሩ ጎበጠ” ሲሉኝ የጠረጠርኩት ፊደሉን ነው። ዓይናቸውን አልጠረጠርኩም። አሁን ሳወራው የጅል ነገር ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ የንባብ ማሽናቸውን ተቀብዬ አንዱን ፎንት፣ የፊደል ቅርጽ ማለቴ ነው፣ አጠፋለሁ፣ ሌላውን እጭናለሁ፣ መልሼ እሰጣቸዋለሁ። አንድም ቀን ከማሽኑ ቀና ብዬ ፊታቸውን አላየሁም።

ፊደሉን መጠርጠሬ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንጀራዬ ነው። ሳን ሆዜ ከተማ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የልቅሶ ፕሮግራም፣ ባነር እናትማለን፣ ደንበኛው ባመጣው ቋንቋ። አማርኛ ኮምፒውተር ላይ ሲወጣ ገጹ በሙሉ ባዶ ሳጥን የሚሆንበትን ዘመን አሳልፌያለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው “ጽሑፉ ተበላሸ” ካለኝ ሳላየው “ፎንቱ ነው” እላለሁ፣ ብዙውን ጊዜም ልክ ነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝም ነኝ፣ የወረቀት ሠራተኛም ነኝ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት አቴንስ ኖረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ሲያስታምሙ ነው ያሳለፉት። ግሪክኛ ማንበብ ያስተማረቻቸውም እሷ ናት። እኔ ዘንድ ኦክላንድ ሲመጡ የሻንጣቸው ግማሽ መጽሐፍ ነበር። እንግሊዝኛ ይሰማሉ፣ አይወዱትም። ወሬ በአማርኛ ይከታተላሉ። ልብ ወለድ ግን በግሪክኛ ካልሆነ አይጥማቸውም። “ጉልበቴን እዚያ አገር ትቼዋለሁ፤ ይቺን ግን ይዣት መጥቻለሁ” ይላሉ፣ ማንበብን ማለታቸው ነው።

መጽሐፍ ከአቴንስ በፖስታ እስኪመጣ ወር ስለሚፈጅ ኢ-ሪደር የሚባለውን የንባብ ማሽን ገዛሁላቸው። “ሰሌዳው” ብለው ስም አወጡለት። መጀመሪያ ላይ ችግሩ እውነትም የፊደል ነበር። አክስቴ የሚወዱት የድሮ መጻሕፍትን ነው፤ የድሮ ግሪክኛ አጻጻፍ ደግሞ በአንድ ፊደል ራስ ላይ ሁለትና ሦስት ምልክት ይደረድራል፤ አንዳንዴም ከሥሩ ትንሽ ጭራ ይጨምርለታል። በአሁኑ አጻጻፍ የቀረው አንድ ጭረት ብቻ ነው። ማሽኑ ይዞት የመጣው ፎንት የአሁኑን እንጂ የድሮውን አያውቅም። ምልክት የበዛበት ፊደል ሲገጥመው ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ አንዱ ፊደል ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ከመስመሩ ዘለል ያለ፣ አንዳንዱም ባዶ ሳጥን ይሆናል። አክስቴ አይተው “ይሄ ምን ዓይነት ድሪቶ ነው?” አሉኝ።

ሁለት ቀን ፈልጌ የድሮውንም የአሁኑንም ምልክት አሟልቶ የያዘ ፎንት አገኘሁ። ማሽኑ ላይ ጫንኩት፤ መጽሐፉ ከራሱ ጋር ይዞት የመጣውንም ፎንት አጠፋሁ። ምልክቱ ሁሉ በየፊደሉ ራስ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። አክስቴ ግንባሬን ሳሙኝ። ለሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ፤ ሥራ ቦታም ለሁሉም አወራሁ። ያ ኩራት ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

ወር ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ሰሌዳውን ዘርግተውልኝ “መስመሩ ጎብጧል” አሉ።

አየሁት። ቀጥ ያለ ነው። “የት ጋ?” አልኳቸው። በጣታቸው የገጹን መሃል አሳዩኝ። ጫፉ ላይ ትንንሽ እግር ያለው ፊደል ሲያሳንሱት መስመሩን የሚያወዛውዝ ይመስላል ብዬ እግር በሌለው ቀየርኩት። በሦስተኛው ቀን “ኒ” እና “ኢፕሲሎን” የሚባሉት ሁለት ፊደሎች ተመሳሰሉብኝ አሉ። እውነትም በአንዳንድ ፎንት ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ እንደገና ቀየርኩት። የመስመሩን ርቀት አሰፋሁ። ውፍረቱን ጨመርኩ። “መሃል ላይ ያለው ቃል ይጠፋል” ሲሉኝ ያለፈው ገጽ ቅሪት መስሎኝ ማሽኑ በየገጹ ስክሪኑን እንዲያጸዳ አደረግሁ። የሚገርመው፣ ለእያንዳንዱ ቅሬታ መልስ ነበረኝ። መልስ ያለው ሰው ጥያቄ አይጠይቅም።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና “እትዬ፣ ከዚህ በላይ ፎንት ግሪኮቹ ራሳቸውም የላቸውም” አልኳቸው።

“እንግዲያው ጥፋቱ የግሪኮቹ ነው” አሉ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ማሽኑ ከገጹ ግርጌ መጽሐፉ ስንት በመቶ እንደተነበበ ያሳያል። አርባ አንድ ይል ነበር። በሳምንቱም አርባ አንድ ነው። መጽሐፍ በአራት ቀን የሚጨርሱ ሴት አርባ አንድ ላይ ቆመው ቀሩ። ሰሌዳውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፣ ገጹ አይዞርም። ግን ለትልቅ ሰው “ዓይንዎ ደክሟል” ይባላል? እኛ ቤት አይባልም። ትልቅ ሰው “አሞኛል” ካላለ አልታመመም። ስለዚህ እሳቸው ሰሌዳውን ይከሳሉ፣ እኔም ሰሌዳውን እጠግናለሁ። ሁለታችንም ከበሬታ እየተሰጣጠን ቀኑ ሄደ።

በስድስተኛው ሳምንት ነገሩን ቁርጥ ላደርገው ፈለግሁ። ማተሚያ ቤት ከዚያው መጽሐፍ አንድ ገጽ በጥሩ ወረቀት ላይ በትልቁ አተምኩ። ሐሳቤ ወረቀቱን ከማሽኑ ጋር ማፋጠጥ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ደህና ካነበቡ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ አዲስ እገዛለሁ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላቸው።

“አሁንስ?”

ጎንበስ ብለው አዩ። “ጎብጧል።”

“ይሄ እኮ ወረቀት ነው እትዬ። እኔ ራሴ ነኝ ያተምኩት።”

“አውቃለሁ። ጎብጧል። መሃሉ ላይ ደግሞ ቃሉ የለም።”

ከቦርሳዬ ወረቀት የምቆርጥበትን የብረት ማስመሪያ አወጣሁና ከመስመሩ ሥር አስተካክዬ አስቀመጥኩት። እልህ ይዞኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። “ይሄስ ብረት?” አልኳቸው።

ብረቱን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት።

“ብረቱስ?”

“ብረቱም ጎብጧል” አሉ ቀስ ብለው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ብረት እንደማይጎብጥ ሁለታችንም እናውቃለን። ስልኬን አውጥቼ የጤና ኢንሹራንሳቸው ካርድ ጀርባ ላይ ወዳለው የነርስ መስመር ደወልኩ። ነርሷ “በአንዱ ዓይን ነው ወይስ በሁለቱም?” አለችኝ። ግራ ዓይናቸውን እንዲሸፍኑ ነገርኳቸው፤ በቀኙ ብረቱ ቀጥ ያለ ነው። ቀኙን ሲሸፍኑ ጎበጠ። ነገርኳት። ድምፅዋ ተለወጠ። “ነገ አይሁን፣ ዛሬ ነው” አለች። በዚያን ቀን ክፍት ቦታ የነበረው የሬቲና፣ የዓይን ጀርባ፣ ሐኪም ሳን ሆዜ ብቻ ነው፣ በአምስት ሰዓት ተኩል። ከሩብ ሰዓት በላይ የዘገየ ቀጠሮው ይሰረዝበታል።

መንገዱን በየቀኑ ስለምሄድበት አውቀዋለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ረዝሞብኝ አያውቅም። ሳን ሊያንድሮ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን መኪናው ሁሉ ቆመ። ከፊታችንም ከጎናችንም ከኦክላንድ ወደብ የወጡ ኮንቴይነር የጫኑ ትራኮች ናቸው፤ መሃላቸው ገብተን ሰማዩ እንኳ አይታየንም። ጂፒኤሱ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ትደርሳለህ ይል የነበረው ሠላሳ አምስት አለ፣ ከዚያ አርባ ሁለት አለ። ለአለቃዬ ደውዬ ዛሬ አልገባም አልኩት። አክስቴ ቦርሳቸውን ታቅፈው አንዴ አንዱን ዓይን፣ አንዴ ሌላውን እየሸፈኑ ከፊታችን ያለውን ትራክ ያያሉ።

“ከሥራህ ቀረህ?”

“ቀረሁ።”

“ይቆጡሃል።”

“ይቆጡ።”

“ለፊደል ብለህ?”

“ለፊደል አይደለም እትዬ” አልኩ።

ቀጣዩን ከተማ ሄይዋርድን ስናልፍ መንገዱ ተከፈተ። አሥራ ሦስት ደቂቃ ዘግይተን ደረስን። መኪናዬን በትክክል እንኳ አላቆምኩም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። የስልክ አስተርጓሚ ላምጣ ሲል አክስቴ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው “ልጄ አለ” አሉት። መጀመሪያ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሞላ፣ መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው ወረቀት ሰጣቸው። የጎበጠውን በእስክርቢቶ አከበቡት፤ መሃሉን ከሞላ ጎደል አከበቡት። ጠብታ ጨመረላቸው፣ ዓይናቸውን ፎቶ አነሳ፣ ፎቶውን አፍጥጦ አየው። ከዚያ “መቼ ጀመራቸው?” አለኝ።

ጠየቅኋቸው። “ሰሞኑን ነው በለው” አሉ።

ሰሞኑን። ዝም ብዬ ልተረጉመው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣልህ አለኝ። “ስድስት ሳምንት” አልኩት።

ሐኪሙ እስክርቢቶውን አስቀመጠ። በዓይናቸው ጀርባ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ፣ መርፌ ዛሬውኑ መሰጠት እንዳለበት፣ ከዚያም በየወሩ እንደሚቀጥል ነገረኝ። “ያን ጊዜ ቢመጡ ኖሮ የግራውን ዓይን ብዙውን ክፍል እናድን ነበር” አለ። “መሃሉ ላይ የጠፋው ላይመለስ ይችላል። ቀኙም ውስጥ ምልክቱ አለ። በየቀኑ ይፈትሹት፤ ትንሽ የጎበጠ ነገር ካዩ በዚያው ቀን ይምጡ።” አነጋገሩ ወቀሳ አልነበረበትም። እኔ ግን እንደ ተወቀስኩ ሰማሁት፤ ስድስቱ ሳምንት የእኔ ናቸውና።

አክስቴ ፊቴን ያያሉ። “ምን አለ?”

“መርፌ ይሰጥዎታል። ከዚያ በየወሩ ይቀጥላል። አይዞዎት አለ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

ሐኪሙ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። የእሱ ንግግር ያን ያህል ረዝሞ የእኔው ማጠሩ ሳይገርመው አልቀረም። እኛ ግን መርዶ በአንድ ትንፋሽ አንናገርም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ሰዓት ይመረጣል፣ ወንበር ይቀርባል። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ለታላቄ ያን ልናገር አልቻልኩም። ይሄን ሰበብ ያኔ አምኜበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ግማሹ ስለ እሳቸው ነው፣ ግማሹ ጥፋቴን መደበቅ ነው።

ዓይናቸውን አደንዝዘው መርፌውን ሲሰጧቸው እጄን ያዙ። አልጮኹም። ጣቶቼን ግን እስኪነጡ ጨመቋቸው።

መኪናው ውስጥ ገብተን፣ ያ ብርሃን እንዳይወጋ የሚሰጡት ጥቁር የፕላስቲክ መነጽር ዓይናቸውን ሸፍኖት፣ ቁልፉን ላዞር ስል “ሐኪሙ ብዙ ነው ያወራው” አሉኝ።

“ዋናውን ነግሬዎታለሁ።”

“ያቺን አስተማሪ ነግሬህ የለ። ዓይኗ የጠፋው በዚሁ ነው። መጀመሪያ የበሩ መቃን ጎበጠ አለችኝ። ከዚያ ሰው ሲያናግራት ፊቱ መሃሉ ላይ ጠፋባት። አሥራ አንድ ዓመት እኔ ነበርኩ የማነብላት።”

ቁልፉን ለቀቅሁት። “ታዲያ ያውቁ ነበር?”

“መስመሩ የጎበጠ ቀን ነው ያወቅሁት።”

“አውቀው ነው ስድስት ሳምንት ፊደል ያስለወጡኝ?” አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ በሕይወቴ እሳቸውን እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም። “ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉኝ እርስዎ አይደሉም?”

ጥቁሩን ፕላስቲክ ወደ እኔ አዞሩት። “ፊደሉ ቢሆን ብዬ ነው” አሉ። “አንተ በየቀኑ ፊደሉ ነው፣ ፊደሉ ነው ትለኛለህ። ሥራህም ይኸው ነው፣ ታውቃለህ። ላምንህ ፈለግሁ።”

ቁልፉን ነቅዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

“ለአስተማሪዋ ሳነብ ስሰለች ገጽ እዘልባት ነበር” ብለው ቀጠሉ። “የሚያሳዝን ቦታ ሲመጣም እዘላለሁ፣ እንዳታለቅስ ብዬ። ደግ የሠራሁ ይመስለኛል። እሷ ምን ታውቃለች? ‘ቀጥይ ልጄ’ ትለኛለች። የሚነበብለት ሰው ነገሩ እንደዚያ ነው፤ የሰጡትን ይቀበላል። የፈራሁት መታወሩን አይደለም፤ ይሄንን ነው። ዛሬ ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አንተ ስትዘልብኝ ሰማሁ።”

አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያኔ ቢመጡ ይተርፍ እንደነበር፣ የጠፋው ላይመለስ እንደሚችል፣ ቀኙም እንደሚያሰጋ። ሐኪሙ እንዳለው፣ ምንም ሳልቀንስ። በፎንት ያባከንኩት ስድስት ሳምንት የእኔ ጥፋት እንደሆነም ጨመርኩ፤ ይሄ ሐኪሙ ያለው አልነበረም።

“ሁሉም ይሄው ነው?” አሉ።

“ሁሉም ይሄው ነው።”

“ጥፋቱን እኩል እንካፈለዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እኔ ደብቄያለሁ። አሁን አስነሳው፣ ራበኝ።”

ከሦስት መርፌ በኋላ የግራ ዓይናቸው ጉብጠት ቀለል አለ፤ መሃሉ ላይ ግን አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ነገር ቀረ። ሐኪሙ በዚህ ከቆመ ጥሩ ነው አለ። አሁን የሚያነቡት በቀኙ ነው። ፎንት መምረጡን እንደገና ጀመርን፤ በዚህ ጊዜ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እየጠየቅሁ። ያ የተኩራራሁበት ቆንጆ ፎንት አልሆነም። እግሩ ቀጭን ነው፣ ለደከመ ዓይን ይጠፋል። የተመረጠው እኔ አስቀያሚ የምለው፣ እግር የሌለው፣ ማተሚያ ቤት “መኪና ማቆም ክልክል ነው” የምንጽፍበት ዓይነት ወፍራም ፊደል ነው። በትልቁ አድርገነው አንድ ገጽ አርባ ቃል አይዝም፣ ራስ ላይ ያሉት ምልክቶች ግን አንዱ ከአንዱ ተለይተው ይታያሉ። “የሕፃን ፊደል መቁጠሪያ አደረግኸው” ብለው ሳቁ። አርባ አንዱ አርባ ሁለት ሲል ሁለታችንም አየነው። ባለፈው ወር ሰባ ደርሰው ነበር።

ባለ አራት ማዕዘኑን ወረቀት ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። በየጠዋቱ ግራቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑና በቀኙ መሃል ያለችውን ነጥብ ያያሉ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ እጠብቃለሁ። “ደህና ነው” ይሉኛል፣ እወጣለሁ። ያቺን ቃል እስክሰማ ድረስ ያለውን ጊዜ አልወደውም።

ባለፈው ሐሙስ ቆሙ፣ ሸፈኑ፣ አዩ። ጫማዬን አሰርኩ። ቁልፌን ያዝኩ። አሁንም ያያሉ።

“እትዬ?”

“ደህና ነው።”

“መስመሩ ቀጥ ብሏል?”

“ደህና ነው አልኩህ። ሂድ፣ መንገዱ ሳይዘጋ።”

ድምፃቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። እኔ ግን በሩን ከፍቼ አልወጣሁም። አክስቴ በታቦት ሲምሉ ሰምቻቸው አላውቅም፤ የእሳቸው መሐላ በሚወዱት ሰው ነው፣ እሱንም ለውሸት አውጥተውት አያውቁም።

“‘አንተን ይንሳኝ’ ይበሉኝና ልሂድ” አልኳቸው።

መዳፋቸው ግራ ዓይናቸው ላይ እንዳለ ነው። አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ዘጉት። ወረቀቱን እንደገና አዩት። እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ ጠበቅሁ።

“ጃኬቴን አምጣልኝ” አሉ።